ገብስማዋን የሰጠን ጊዜ

ጂንካ፣ ኅዳር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለደምሰው፤

የጌታ ሰላም ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። እኛ ደህና ነን። እናትህ በሕይወት ብትኖር ይህን ደብዳቤ የምታስጽፈው እሷ ነበረች። እኔ በእሷ ቦታ ሆኜ አስጽፋለሁ፤ የሚጽፈው ልጄ ተገኝ ነው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለይቻለሁ፣ ግን አንዲት መስመር እስክጨርስ እንጀራው ያርርብኛል።

ደብዳቤህ በመስከረም ተጽፎ በጥቅምት መጨረሻ ደረሰን። ዝናቡ አልቆም ብሎ አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ ማረፍ አቅቶት ከርሟል። ጸሎት ቤታችን እንደተዘጋ ነው። በየቤቱ እየተሰበሰብን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንዘምራለን።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ይህን ደብዳቤ አንተ ወዳለህበት ሩስያ የሚሄድ የአርባ ምንጭ ተማሪ በእጁ ስለሚያደርስልህ በግልጽ እነግርሃለሁ። ተገኝ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ለብሔራዊ ውትድርና ማን እንደሚሄድ የሚወስነው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዶሮ ይወዳል። ዓምና ለገና አንድ አውራ ዶሮ ወሰድኩለት፤ ለፋሲካ ደግሞ አንዲት ቄብ። ምዝገባው መጣ፣ የተገኝ ስም ሳይነሳ አለፈ። እሱም ምንም አላለኝ፣ እኔም ምንም አላልኩትም። ባለቤቴ አንጁሎ ከሞተ ወዲህ ያለኝ ይህ ልጅ ነው፤ ያሉኝም ዶሮዎች ናቸው።

እና ዶሮዎቹ ታመሙ። ሌሊት ቆጥ ላይ ሆነው እንደ ሰው ያንኮራፋሉ። ቀን ያስነጥሳሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። የአንዳንዶቹ ዓይን አብጦ አረፋ ያወጣል። አይሞቱም፣ አይድኑም። እንቁላል አቁመዋል። ሰው ሁሉ ፈንግል ነው ይለኛል። ፌጦ በሎሚ አጠጣኋቸው፤ ለጥቂት ቀን ትቷቸው ዝናብ ሲመጣ ተመለሰ። እዚህ ያለው የእንስሳት ሐኪም ለከብት እንጂ ለዶሮ መድኃኒት የለኝም ብሎኛል። የሳቀም መሰለኝ። አንተ ይህንኑ ልትማር ሄደሃልና ምን ላድርግ?

በሄድክበት ሁሉ ጌታ እጁን ከራስህ ላይ አያንሳ።

አክስትህ እልፍነሽ

ከጸሐፊው፦ ደምስ፣ እማ ያላለችውን እኔ ልጨምር። እነዚህ ዶሮዎች የእኔ ጠበቆች ናቸው። ጠበቆቼን ጉንፋን ይዟቸዋል። ባይሆን አንተ በሩስኛ ጸልይላቸው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አሁንም ኳስ እንጫወታለን፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ በረኛ የለንም። አንተም ብትሆን በረኛ አልነበርክም።

ሌኒንግራድ፣ ጥር 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

እናት ሆና ላሳደገችኝ ለአክስቴ ለወይዘሮ እልፍነሽ፤

ናፍቆቴ ከዚህ ብርድ ይበልጣል። እኔ በጣም ደህና ነኝ። እቴቴ፣ እዚህ ፀሐይ ዘግይታ ወጥታ ለምሳ ሳንቀመጥ ትሄዳለች። ቋንቋው ገብቶኛል፣ ዘንድሮ ዋናውን ትምህርት ጀምሬአለሁ።

ስለ ዶሮዎቹ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ፈንግል አይደለም። ፈንግል ቢሆን በሳምንት ጊዜ አንዲት አያስቀርልሽም ነበር። ይህ ቀስ ብሎ የሚሄድ የመተንፈሻ በሽታ ነው። የሚያድሩት ማድ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ኩሳቸውን ጠዋት ጠዋት የምንጠርገው እኔና ተገኝ አልነበርን? ጭሱና የኩሱ ሽታ ደረታቸውን ያቆስለዋል፣ በሽታው በዚያ በኩል ይገባል። ከማድ ቤት አውጪያቸው። ነፋስ የሚገባው፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቤት ይሠራላቸው፤ መኝታቸው ደረቅ ይሁን። ከቅዳሜ ገበያ አዲስ ዶሮ ገዝተሽ አትቀላቅዪባቸው። በጣም የታመመችውን ለብቻዋ አድርጊ።

መድኃኒት እልክልሻለሁ። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አርባ ምንጭ የሚመለስ ልጅ አለ። በውሃ የሚሟሟ ዱቄት ነው። መጠኑን ለተገኝ በሌላ ወረቀት ጽፌለታለሁ፤ ከራሱ ምንም እንዳይጨምርበት። ይህ መድኃኒት ያድናቸዋል፤ አትስጊ።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ።

ልጅሽ ደምሰው

ተገኝ፦ አንተ ሰውዬ፣ በረኛነቴን ተውና ቀርከሃ ቁረጥ። ቤቱን የምትሠራው አንተ ነህ።

ጂንካ፣ ሰኔ 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለደምሰው፤

ሰላምህ እንደ ነሪ ወንዝ ሳይቋረጥ ይፍሰስ። መድኃኒቱ ከፋሲካ በኋላ ደረሰን፤ ያመጣው መኪና ወይጦ ላይ ጭቃ ይዞት ከርሞ ነበር። ተገኝ እንዳዘዝከው በጥብጦ ሰጣቸው። እንዴት ብዬ ልንገርህ? ማንኮራፋቱ ቆመ። ዓይናቸው ተከፈተ። እንቁላል ጀመሩ።

ቤታቸውን ተገኝ በቀርከሃ ሠርቶ በአራት እግር አቆመው። ሲሠራ ጎረቤቴ ዘሪቱ መጥታ፣ «ለዶሮ ፎቅ ነው የምትሠራው? እናትህ ምድር ላይ ተኝታ?» ብላ ሳቀችበት። በመጀመሪያው ሳምንት ሸለምጥማጥ ገብቶ ሁለቱን ፈጃቸው። ከዚያ በሩን በሽቦ አጠበቀው። አሁን ሰው ቤቱን ሊያይ ይመጣል።

ከሁሉም ገብስማዋ ልዩ ሆናለች። ላባዋ የገብስ ፍሬ በነጭ መሬት ላይ የፈሰሰ ይመስላል። በየቀኑ ትጥላለች። ለእንቁጣጣሽ ለሊቀመንበሩ የማስባት እሷን ነው፤ በመስከረም ምዝገባ እንደገና አለ፣ ዘንድሮ የሚሄደው ብዙ ነው ይባላል። ያለኝን የመጨረሻ ጥሩ ነገር መስጠት ይሻለኛል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፈጽመው ድነዋል ወይ? በሽታው ይመለሳል ወይ? ሰው ቤት ሄዳ ብታስነጥስ ነውር ይሆንብኛል። መልስህን እጠብቃለሁ፤ ካልመለስክልኝ ሌላ አስባለሁ።

ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

አክስትህ እልፍነሽ

ከጸሐፊው፦ ጠበቆቼ ሥራ ጀምረዋል። ከዋናዋ ጠበቃ ጋር ስለምንለያይ አዝኛለሁ፣ ግን እኔ ከምሄድ እሷ ብትሄድ ይሻላል።

ሌኒንግራድ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1978 ዓ.ም. (በፖስት ካርድ)

እቴቴ፣ እንደምን አለሽ? ፈተና ላይ ስለሆንኩ አጭር ነው። ድነዋል። ያለ ስጋት ስጪያት። ካርዱ ላይ ያለው ወንዝ በብርዱ ወራት በረዶ ሆኖ ሰው በላዩ የሚሄድበት ነው። ተገኝን ሳሚልኝ።

ደምሰው

ሌኒንግራድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ እልፍነሽ፤

አዲሱ ዓመት የጤናና የዕረፍት ይሁንልሽ። መልስሽን ሳልጠብቅ ይህን የምጽፈው ነገሩ አስቸኳይ ስለሆነ ነው።

ትናንት አንድ መምህራችንን ስለ ዶሮዎቻችን ጠየቅሁት። የተናገረው እኔ ከነገርኩሽ ይለያል። መድኃኒቱ በሽታውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያወጣውም። አንዴ የታመመች ዶሮ ብትወፍርም፣ እንቁላል ብትጥልም፣ ዕድሜዋን ሙሉ በሽታውን ተሸክማ ትኖራለች። በትንፋሿ ለሌላው ትሰጣለች፤ በእንቁላሏም ወደ ጫጩቶቿ ይሄዳል። ብርድ ሲነካት፣ ቦታ ስትለውጥ፣ ይነሳባታል።

ስለዚህ ገብስማዋን በሕይወቷ ለማንም አትስጪ። ሰጥተሻት ከሆነ ቶሎ እንዲያርዷት ንገሪያቸው። ሥጋዋ ሰውን አይጎዳም። ከሌላ ዶሮ ጋር እንዳትውል ብቻ። ደግሞስ ለእንቁጣጣሽ የተወሰደ ዶሮ እስካሁን ታርዷል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በሐምሌ የጻፍኩልሽን ተይው።

ደምሰው

ጂንካ፣ ጥር 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለደምሰው፤

ጌታ ባለህበት ይጠብቅህ። የጥቅምቱ ደብዳቤህ በታኅሣሥ ደርሶናል። ከዚያ በፊት የሆነውን ከመጀመሪያው ላስጽፍልህ።

ካርድህ በጳጉሜን ደረሰ። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ገብስማዋን እግሯን አስሬ ወሰድኳት። የተቀበለችኝ የሊቀመንበሩ ሚስት ወሰንየለሽ ናት። እንዳየቻት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እንዲህ ያለ መልክ አይታረድም» አለች። ለዘር አስቀራታለሁ ብላ ፈታቻት። ወሰንየለሽ ከግብርና ጣቢያ የመጡ ነጫጭ የፈረንጅ ዶሮዎች አሏት፤ እንቁላላቸውን ለባለሥልጣናቱ ቤት ትሸጣለች። ገብስማዋን ከእነሱ ጋር ቀላቀለቻት። እኔም ቆሜ አየሁ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። በመስከረሙ ምዝገባ የተገኝ ስም አልተጠራም።

በጥቅምት ነጫጮቹ ማንኮራፋት ጀመሩ። የእኛዎቹ ባይሞቱም የፈረንጆቹ አልቻሉም፤ ከግማሽ በላይ አለቁ። ገብስማዋ ብቻ ምንም ሳትሆን ትጭራለች። ይህን ጊዜ ወሰንየለሽ፣ «እልፍነሽ በገብስማ ዶሮ መተት ላከችብኝ» ብላ ለጎረቤት አወራች። ገብስማ ዶሮ የጠንቋይ ቤት ዶሮ ነው ይላሉ፣ አንተም ታውቃለህ። ባሏ በስብሰባ ላይ ኋላ ቀር እምነት ይወገድ ይላል፤ ቤቱ ሲገባ ግን በራፉ ላይ ጨው በትኗል አሉ።

እኔ የጌታን ስም የምጠራ ሰው መተተኛ ስባል አልቻልኩም። ለተገኝም ፈራሁ። ደብዳቤህ ሲመጣ መፍትሔ መሰለን። ይዘነው ሄድን። ጎረቤቶች ነበሩ። ተገኝ ሁሉንም ጮክ ብሎ አነበበላት፣ በሽታ እንጂ መተት እንዳልሆነ፣ ትልቅ አስተማሪ እንደተናገረው።

ወሰንየለሽ እስኪጨርስ አዳመጠች። ከዚያ፣ «ዶሮዎችሽ የታመሙት መቼ ነው?» አለችኝ።

አምና ነው አልኳት።

«ስትሰጪኝ ታማ እንደነበረች ታውቂ ነበራ።»

ድናለች ተብዬ ነው አልኳት።

«መተት ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። «መተት ጠበል ይፈታዋል። አንቺ ግን እያወቅሽ ነው ቤቴ ያስገባሽው።»

ይቅርታ ለመንኳት። ያሉኝን ዶሮዎች በሙሉ ውሰጂ ልላት አስቤ አፌን ያዝኩ። እነሱም ያው ናቸው። የምክሳት ነገር አልነበረኝም።

ለገና አንድ በግ ከዘሪቱ ተበድሬ ወሰድኩ። አልተቀበሉኝም። በሩን የከፈተችው ልጅ፣ «ጋሼ እንስሳ ከእናንተ ቤት አይገባም ብለዋል» አለችኝ። በመጋቢት ሌላ ምዝገባ አለ።

አንተ ትምህርትህን ያዝ።

አክስትህ እልፍነሽ

ከጸሐፊው፦ ደምስ፣ ደብዳቤውን እናንብብላት ያልኩት እኔ ነኝ። እማ አልፈለገችም። ሳይንስ ነው፣ ትረዳለች ብዬ ጎትቼ ወሰድኳት። ስለዚህ አንተ ብቻህን አትብሰልሰል። ይህም ደብዳቤ በሰው እጅ ስለሚሄድ ልንገርህ፤ ነገ ሌሊት ወደ አባቴ ወንድሞች፣ ወደ ተራራው እወጣለሁ። እነሱ ዘንድ እንሰትና ብርድ ነው ያለው። የአባቴ ቋንቋ አሪኛዬም ተበላሽቷል፣ አጎቶቼ ይስቁብኛል። እማ ከዚህ በኋላ በራሷ እጅ ትጽፍልሃለች፤ ፊደሏን እንዳታርምባት።

ሌኒንግራድ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ እልፍነሽ፤

እግዚአብሔር ከጭንቀት ያሳርፍሽ። ደብዳቤው ትናንት ደረሰኝ። ተገኝ ተራራው ላይ ነው? ደህና ነው? ይህን ብቻ በአንዲት መስመር ጻፊልኝ።

ለሊቀመንበሩ እኔ ልጻፍለት? ድናለች ያልኩት እኔ መሆኔን፣ አንቺ እኔን አምነሽ እንደሰጠሽ ልንገረው? እሺ ካልሽኝ ዛሬውኑ እጽፋለሁ።

ስለ ዶሮዎቹ ከአሁን በኋላ የሚሻለው ሁሉንም ማረድ ነው። ከእነሱ እንቁላል አታስታቅፊ፣ ጫጩቶቹም ያው ይሆናሉ። ቤቱ ተጠርጎ፣ አመድ ተነስንሶበት፣ ፀሐይ እየገባው አንድ ክረምት ባዶውን ይክረም። ከዚያ ሳል ከሌለበት ቤት፣ ከገጠር፣ ጥቂት ቄቦች ይመጣሉ። ለአንድ ወር ለብቻቸው ይታያሉ። ይህን አሁን በእርግጠኝነት ነው የምነግርሽ፣ በመጽሐፉም አይቼዋለሁ።

ይህን ሁሉ ስለ ዶሮ የምጽፈው ስለ ሌላው ምን እንደምጽፍ ስለማላውቅ ነው።

ልጅሽ ደምሰው

ሌኒንግራድ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1979 ዓ.ም.

እቴቴ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። በጥር ከተጻፈው ወዲህ ሌላ ደብዳቤ አላገኘሁም። አውሮፕላኑ ይሆናል፣ ክረምት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። የዓመቱን ፈተና ጨርሻለሁ። እባክሽ ጻፊልኝ። አንቺ ባትችዪ ዘሪቱ ታስጽፍልኝ።

ደምሰው

ጂንካ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለደምሰው፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ፊደሌ ቢጣመም ታገሠኝ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነው የጻፍኩት።

በመጋቢቱ ምዝገባ የተገኝ ስም ተጠራ፤ በግንቦት እኔን ቀበሌ ጠሩኝ። ልጅሽን አምጪ አሉ። የት እንዳለ አላውቅም አልኩ። እንግዲያው እስኪመጣ እዚህ ተቀመጪ አሉኝ። የእህል መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። ዘሪቱ ምሳ ታመጣልኝ ነበር። ልጄ እንዳይሰማ አድርጊ አልኳት። ግን ቅዳሜ ገበያ የወረደ ሰው ወሬውን ተራራው ላይ አደረሰው።

ተገኝ በገዛ እግሩ መጣ። አጎቶቹ ይዘውት ነበር አሉ፤ ጥሏቸው ወጣ። ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ፣ «እናቴን ልቀቋት፣ ይኸው» ሲል ሰማሁት። እኔን አስወጡ፣ እሱን አስገቡ።

ሊቀመንበሩን አገኘሁት። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ። «እልፍነሽ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ኮታ ነው» አለኝ። ኮታው አምናም ነበረ። ይህን አልነገርኩትም።

በማግስቱ መኪና ላይ ሲጭኗቸው አጠገቡ ደረስኩ። ጎንበስ ብሎ፣ «እማ፣ ለደምሰው አሁን እንዳትጽፊለት፣ ፈተና ላይ ነው» አለኝ። ሌላ ነገር ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ይሳሳቅ ጀመር። እንዳላለቅስ መሆኑን አውቄያለሁ። መኪናው ሄደ።

የዘገየሁት ለዚህ ነው። ፈተናህን እንደጨረስክ ስትጽፍልኝ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ለሊቀመንበሩ ልጻፍ ወይ ብለህ ነበር። አሁን አያስፈልግም።

ዶሮዎቹ አሉ። ያንኮራፋሉ።

እልፍነሽ

ሌኒንግራድ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1980 ዓ.ም.

እቴቴ፤

ምን ብዬ ሰላም እልሻለሁ? ደብዳቤሽን ኪሴ ውስጥ ይዤ እየዞርኩ ነው። ፈተናውን አልፌ ነበር። ምን አደርገዋለሁ?

ያለበትን አድራሻ ካወቅሽ ላኪልኝ። ስለ በረኛነቴ የሚሰድበኝ ሰው የለም። ሌላ ለመጻፍ አልቻልኩም።

ደምሰው

ጂንካ፣ መጋቢት 11 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለደምሰው፤

ጌታ ይጠብቅህ። ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ሁሉም። መልስ ያልሰጠሁህ የምነግርህ ስላልነበረኝ ነው።

ተገኝ አንድ ጊዜ ጽፎልኝ ነበር። ከሰሜን ነው፣ የቦታው ስም የለበትም። ቃሉን እንዳለ ልንገርህ። «እማ፣ የመቶ አለቃችን ሁለት ዶሮዎች አሉት። አንዷ ታስነጥሳለች። አውቄ ዝም ብያለሁ። የእኛ ቤት ሰው ስለ ዶሮ አፉን ከከፈተ ምን እንደሚመጣ አይቻለሁ» ይላል። አንብቤ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ራሱ አስደነገጠኝ። ይህን የጻፈው አምና በየካቲት ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። አብረውት ከሄዱት ልጆች የሁለቱ ቤት መርዶ ተረድቷል። ወደ እኔ ቤት የመጣ ሰው የለም። ጠዋት ጠዋት በሬ ሲንኳኳ አልከፍትም፣ ዘሪቱ ስለምታውቅ ስሟን ጠርታ ነው የምትገባው።

ዶሮዎቹን አረድኳቸው፣ አንተ እንዳልከው። እስከዛሬ የተውኳቸው፣ ምናልባት ሊቀመንበሩ ልቡ ይመለስና ልጄን በአንድ መንገድ ያስመልስልኝ ይሆናል፣ ያን ጊዜ በባዶ እጄ እንዳልቆም ብዬ ነው። ሞኝነት ነው። ሰውዬው የታመመ ዶሮ ምን ያደርግለታል? ሥጋውን ለጎረቤት አከፋፈልኩ፤ እኔ አልቀመስኩም። ቤቱን ጠርጌ አመድ ነሰነስኩበት። ዘሪቱ ከገጠር ንጹሕ ቄብ ላምጣልሽ አለችኝ። ተይው አልኳት። ለማንም የምሰጠው የለኝም፣ ከእኔም የሚጠብቅ የለም።

ትምህርትህን በርትተህ ጨርስ።

እልፍነሽ

ሌኒንግራድ፣ ሰኔ 14 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ እልፍነሽ፤

የአገራችንን ወሬ በሬዲዮ ሰማን። ከሁሉ አስቀድሞ አንቺ ደህና መሆንሽን እግዚአብሔር ያሰማኝ። ጦሩ ተበትኖ ወታደሩ ወደየአገሩ እየገባ ነው ይላሉ። ተገኝ መጣ? ከመጣ ይህን ደብዳቤ እሱ ያንብብልሽ።

ዓምና ትምህርቴን ጨርሼ አንድ ዓመት ለልምምድ ቆየሁ። በመስከረም እመለሳለሁ። አዲስ አበባ ካለው መሥሪያ ቤት ጋር ተጻጽፌ፣ የትም አትመድቡኝ፣ ጂንካ አድርጉኝ ብያቸው እሺ ብለውኛል። የዶሮ በሽታ ነው በተለይ ያጠናሁት። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፣ ከብትና ፈረስ እያለ ይላሉ።

እቴቴ፣ እንደ ድሮው ቤትሽ ልግባ። ጣራው አርጅቶ ይሆናል፣ እጠግነዋለሁ። ብቻሽን አትኑሪ። ፈቃድሽ ከሆነ አንዲት ቃል ጻፊልኝ፣ ሻንጣዬን ይዤ በቀጥታ ወደ አንቺ ነው የምመጣው።

ልጅሽ ደምሰው

ጂንካ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዶክተር ደምሰው፤

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። መጨረስህን ሰምቼ ለዘሪቱና ለጎረቤቱ ሁሉ ነገርኩ። እናትህ ብታይ ምንኛ ደስ ይላት ነበር። ሰዉም እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ።

ተገኝ አልመጣም። ወታደሮቹ ከሰኔ ጀምሮ በወይጦ መንገድ እየመጡ ነው። ብዙዎቹ በእግራቸው ነው። ጠዋት ወጥቼ መንገድ ዳር እቆማለሁ። ሌሎች እናቶችም ይቆማሉ፤ አንዳንዷ ልጇን አግኝታ ትገባለች። በማግስቱ ያቺ አትመጣም፤ ቁጥራችን እንዲህ እያለ ይቀንሳል። ሊቀመንበሩ ከአገር ወጥቷል፣ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ወሰንየለሽም ከእኛ ጋር ትቆማለች። እሷ ወንድሟን ነው የምትጠብቀው። አጠገቤ ስትሆን እንኳን አንነጋገርም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወታደር ውሃ ለመነኝ። አገሩ ከኦሞ ወንዝ ማዶ፣ ካንጋተን አካባቢ ነው፤ ገና ብዙ መንገድ አለበት። ቤቴ አስገብቼ አበላሁት። ተገኝ አንጁሎን ታውቃለህ ወይ አልኩት። አላውቅም አለኝ። ሊያስደስተኝ ብሎ ባለመዋሸቱ አመሰገንኩት። ሲመሽ ማድ ቤት አነጠፍኩለት። የተገኝን አልጋ አየና፣ «እማማ፣ ይህ አልጋ ባዶ አይደለም?» አለኝ።

«ባለቤቱ መንገድ ላይ ነው» አልኩት።

ማድ ቤት አድሮ ጠዋት ሄደ።

አሁን ለጠየቅኸኝ ልመልስልህ። ጣራው ደህና ነው። ልጄ ነህ፣ በእጄ አድገሃል፣ አልተቀየምኩህም። ይህን የምልህ አውቄ ነው፤ ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። ግን ተገኝ በሌለበት ቤት አንተ ስትገባ፣ አንተ ስትስል፣ አንተ ስትሳሳቅ ብሰማ አልችልም። አንተን ባስገባ ደግሞ እሱን ወጥቶ ቀርቷል ያልኩ ይመስለኛል። ቤት እያለኝ የእህቴን ልጅ በኪራይ ቤት ማሳደር ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ይጠይቅሃል። አክስቴ ቦታ የላትም በላቸው። ዘሪቱ ንጹሕ ክፍል አላት፣ ነግሬልሃለሁ።

አውሮፕላን ሜዳው ድረስ መጥቼ እቀበልሃለሁ። ምሳ በየቀኑ እኔ ዘንድ ትበላለህ። ሲመሽ ትሄዳለህ።

አክስትህ እልፍነሽ